አንገቷ ሚጮኸው አሻንጉሊት

አንገቷን ቀስ አድርጋችሁ ስታዞሩት "ኪው ኪው" ትላለች። ባትሪ የለ ምን የለ፣ እንጨት ከእንጨት ሲፋተግ ሚወጣ ድምፅ ነው። ቤቴ ሚመጣ ሰው ሁሉ መደርደሪያዬን ያይና "እነዚህ ደሞ ምንድናቸው?" ይለኛል፣ እኔም ማብራሪያ ውስጥ ከመግባቴ በፊት አንዷን አንስቼ እጁ ላይ አስቀምጥና "እስቲ አንገቷን አዙራት" እለዋለሁ። ስትጮኽ ደንገጥ ይልና ፈገግ ይላል፣ ከዛ በኋላ ያለው ወሬ ቀላል ነው።

ኮኬሺ ትባላለች። ድቡልቡል ጭንቅላት፣ ቀጥ ያለ ሲሊንደር ገላ፣ እጅ የላት እግር የላት፣ ፊቷ ላይ በቀጭን ብሩሽ የተሳሉ ሁለት አይኖች፣ ትንሽ አፍንጫ፣ ነጥብ ምታክል ቀይ አፍ። በቃ ይሄው ነው። አሁን 43 አሉኝ። "አንድ አይነት ነገር 43 ጊዜ መግዛት ምን ይሉታል" ያሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ እኔ ግን እዛ መደርደሪያ ላይ አንድ አይነት የሆኑ ሁለት አይታዩኝም፣ ዛሬ መጻፍ የፈለኩትም ለምን እንደማይታዩኝ ነው።

ነገሩ የጀመረው ጃፓን፣ ሴንዳይ ሚባል ከተማ ነው። ለማስተርስ የመጣሁ ጊዜ ክፍል ያከራዩኝ ሴትዮ ሰማንያን ያለፉ ነበሩ። እኛ ሰፈር ቢሆን እትዬ ነበር ምላቸው፣ እዚህ አገር አከራይ ኦያሳን ነው ሚባለው፣ እኔም እንደዛው ኦያሳን እያልኩ ለመድኳቸው። ኪራዩን በየወሩ በእጅ ነበር ምከፍላቸው። በራቸው ላይ ጫማ ሚወለቅበት ቦታ ከጫማ ሳጥኑ በላይ ሶስት ኮኬሺዎች ተደርድረዋል፣ መጀመሪያ መጀመሪያ አይቼ ነው ማልፋቸው፣ የቤት ጌጥ ናቸው በቃ ብዬ። ጃንዋሪ ላይ አንድ ማታ፣ በረዶው ቁርጭምጭሚት ድረስ ደርሶ፣ ቤት ናፍቆኝ አንገቴን ደፍቼ ኪራይ ልከፍል ስገባ "ሻይ ሳትጠጣ አትሄድም" አሉኝ። ሻዩን እያፈሉ አይኔ አሻንጉሊቶቹ ላይ መቅረቱን አይተው መሃለኛዋን አውርደው ሰጡኝ።

ፊቷ ግማሹ ጠፍቷል። አፍንጫ የላትም። ግራ ጉንጯ ታሽቶ ታሽቶ ቀለሙ ሄዶ እንጨቱ ብቻ ቀርቷል፣ ገላዋ ደሞ ዘይት እንደጠጣ ነገር ቡናማ ሆኖ ያብረቀርቃል። ልጅ እያሉ አባታቸው ያመጡላቸው ናት። አባታቸው ገበሬ ነበሩ፣ የሩዝ አጨዳው ካለቀ በኋላ ሩዝና ሚሶ (የአኩሪ አተር ድልህ በሉት) ተሸክመው ናሩኮ ወደሚባለው ፍል ውሃ ይሄዱና ሁለት ሶስት ሳምንት እዛው ራሳቸው እያበሰሉ እየበሉ ወገባቸውን ይታከማሉ፣ ሲመለሱ ለልጅ ሚይዙት ኮኬሺ ነው። ኦያሳን ደሞ እንደ ህፃን በጀርባቸው አዝለዋት ይዞራሉ፣ ሲታጠቡ ይዘዋት ይገባሉ፣ ሲተኙ አጠገባቸው ናት። አፍንጫዋን ያጠፋው ይሄ ሁሉ ነው።

እኔ ያን ማታ የታየችኝ ታናሽ እህቴ ናት፣ ትራስ በነጠላ አዝላ ግቢውን እየዞረች "እሹሩሩ" ስትል። ጃፓን መጥቼ ስንት ነገር በአስተርጓሚ በዲክሽነሪ ነው የገባኝ፣ ልጅ ጀርባ ላይ እንደሚታዘል ግን ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም።

ኮኬሺ የመላው ጃፓን ነገር አይደለም። ቶሆኩ ከሚባለው ሰሜን ምስራቅ ክፍል ነው ሚመጣው፣ ማለትም ከአኦሞሪ፣ ከኢዋቴ፣ ከአኪታ፣ ከሚያጊ፣ ከያማጋታና ከፉኩሺማ፣ እሱም ውስጥ ቢሆን ፍል ውሃ ካለባቸው ተራራማ መንደሮች። ከ200 አመት ገደማ በፊት፣ የኤዶ ዘመን መጨረሻው አካባቢ፣ ኪጂሺ ሚባሉ ተራራው ላይ እየኖሩ በቶርኖ ጎድጓዳ ሳህንና ትሪ ሚሰሩ ባለሙያዎች ነበሩ፣ እነሱ ናቸው ለፍል ውሃ እንግዶች ሚሸጥ የልጅ መጫወቻ መስራት የጀመሩት። የኛ ሰው ፍል ውሃ ሰንብቶ ሲመለስ ለልጅ ባዶ እጁን እንደማይገባው ማለት ነው። እጅና እግር ለምን እንደሌላትም ከዚሁ ነው ሚገባችሁ፣ ቶርኖ ላይ ሚሽከረከር እንጨት ክብ ነገር ነው ሚያወጣው፣ ሰዎቹ ደሞ እጅ ቆርጦ መለጠፍ ውስጥ አልገቡም፣ ባላቸው ማሽን ሊሰራ በሚችለው ቅርፅ ውስጥ ልጅ ፈልገው አገኙ። እኔ ይሄን ሳስብ ሁሌ ይገርመኛል፣ ጭንቅላትና ገላ ብቻ አድርገህ፣ ሌላውን ሁሉ ትተህ፣ ያቺ ትንሽ ልጅ ግን አሁንም ልጅ መሆኗ ያስታውቃል።

ፀደይ ላይ ናሩኮ ሄድኩ። ከሴንዳይ በሺንካንሰን፣ በፈጣኑ ባቡር ማለቴ ነው፣ እስከ ፉሩካዋ፣ ከዛ በትንሿ የገጠር ባቡር ወደ ተራራው። የባቡሩ በር ሲከፈት መጀመሪያ ሚቀበላችሁ የድኝ ሽታ ነው። ከተማው ውስጥ የትም ብትዞሩ ኮኬሺ አለ፣ መንገድ ዳር ያለው የስልክ ቤት ሳይቀር በኮኬሺ ቅርፅ ነው የተሰራው። የከተማዋ ስም ሚጻፍባቸው ሁለት ፊደላት አንዱ "መጮኽ" ሌላው "ልጅ" ማለት ናቸው፣ አንገቷ ሚጮኸው ኮኬሺ ደሞ የናሩኮዋ ናት፣ ይሄን ያወኩ ቀን ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ዋናው መንገድ ላይ ያሉት ሱቆች ፊት ለፊታቸው መሸጫ ነው፣ ጀርባቸው ደሞ ኮኬሺው ሚሰራበት ቦታ። አንዱ ጋ ገብቼ ቆምኩ፣ ሰባዎቹ ውስጥ ያሉ ሰውዬ ቶርኖው ፊት ተቀምጠዋል፣ ቀና ብለው አይተውኝ በአገጫቸው በርጩማ አሳዩኝ። እዛች በርጩማ ላይ ሁለት ሰአት ተኩል ተቀመጥኩ።

እንጨቱ ሚዙኪ ይባላል፣ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ተቆርጦ ቅርፊቱ ከተላጠ በኋላ ወራት ሙሉ ውጭ ቆሞ ሚደርቅ። መሳሪያዎቹ ጫፋቸው እንደ መንጠቆ የታጠፈ ረጃጅም ብረቶች ናቸው፣ ባለሙያው ራሱ ነው እሳት ላይ አግሎ ቀጥቅጦ ሚሰራቸው፣ ገበያ ላይ ሚገዙ አይደሉም። እንጨቱ እየተሽከረከረ ብረቱን ሲያስጠጉት እንደ ሪባን እየተጠቀለለ ይወጣል፣ ትኩስ የእንጨት ሽታ ቤቱን ይሞላዋል፣ አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ አንድ ግንድ ቁራጭ ትከሻ ያላት ልጅ ሆና አየኋት። ማለስለሻው ድሮ ቶኩሳ ሚባል ሻካራ ተክል ደርቆ ነበር አሁንም አንዳንዱ ይጠቀመዋል፣ ብርጭቆ ወረቀት ሳይመጣ የነበረ ብርጭቆ ወረቀት በሉት። ከዛ ሚያስደንቀው ክፍል መጣ፣ ገላዋ ቶርኖው ላይ በፍጥነት እየተሽከረከረች እሳቸው ጭንቅላቷን በእጃቸው ይዘው አንገቱን ቀዳዳው ላይ ገፍተው ይጫኑታል፣ እንጨቱ ይጮኻል፣ በፍትጊያው ይግላል፣ በመጨረሻ "ቋ" ብሎ ይገባል። ከዛ በኋላ አይወጣም ግን ይዞራል፣ ሙጫ የለ ምስማር የለ። ድምፁ ሚመጣውም ከዚሁ ነው።

ስዕሉ ላይ ሲደርሱ ማሽኑን አጥፍተው ቦታ ቀየሩ። ለናሩኮ ገላ ላይ ሚሳለው ኪኩ ነው፣ ክሪሳንተመም ምንለው አበባ፣ ቀይ የአበባ ቅጠሎቹን እያንዳንዳቸውን በአንድ ጊዜ ብሩሽ ንክኪ ይስሏቸዋል። ይሄን እያወሩኝ ነበር ሚሰሩት፣ ከየት መጣህ፣ አገርህ በረዶ አለ ወይ፣ ቡና የናንተ ነው አይደል እያሉ። ፀጉሩንም እያወሩ ጨረሱ። አይኑ ላይ ሲደርሱ ግን ዝም አሉ። ትንፋሻቸውን ያዙ። እኔም ሳላውቀው ያዝኩ። አንድ መስመር፣ ሁለተኛ መስመር፣ ነጥብ፣ ወደ ሌላኛው አይን፣ አንድ፣ ሁለት፣ ነጥብ። ከዛ ብሩሹን አስቀምጠው ተነፈሱ።

ቀለሙ በውሃ የተበጠበጠ ነው፣ እንጨቱ ወዲያው ይጠጣዋል፣ ስለዚህ ማጥፋት ሚባል ነገር የለም። ያ መስመር አንዴ ከወረደ የዛን ቀን የሰውየው እጅ፣ እድሜ፣ ድካም፣ ሁሉም እንጨቱ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ኮኬሺ መሰብሰብ ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ሰዎች እንጨት ሚሰበስቡ ይመስላቸዋል፣ እኔ ግን ምሰበስበው ያቺን ትንፋሽ ሚያዝባትን ቅፅበት ነው፣ 43 ሰው ወይ ደሞ አንድ ሰው በ43 የተለያየ ቀን ትንፋሹን ይዞ ያሰመራትን መስመር።

ከዛ በኋላ አይን ይከፈታል። መጀመሪያ ሁሉም አንድ መስለው ሚታዩዋችሁ የነበሩት ቀስ በቀስ የየአገራቸው ልጆች ይሆናሉ፣ ዘዬውን ሰምታችሁ ሰውየው ጎጃሜ ነው ወሎዬ ነው እንደምትሉት። የባህላዊው ኮኬሺ ዘር 11 ነው ይላሉ፣ 12 ሚሉም አሉ። የፉኩሺማዋ ትሱቺዩ ጭንቅላቷ አነስ ገላዋ ቀጠን ያለ፣ ገላዋን ዙሪያ ሚከቡ ቀለበቶች ያሏት ናት፣ ቀለበቶቹ ሚሰሩት ቶርኖው እየዞረ ብሩሹን ጠጋ በማድረግ ብቻ ስለሆነ ፍፁም ቀጥ ያሉ ናቸው፣ አናቷ ላይም የእባብ አይን ሚባል ክብ አለ። የቶጋታዋ ትልቅ ጭንቅላት ላይ ቀይ ጨረር እንደ ፀሀይ ተበትኗል። የአኦሞሪዋ ትሱጋሩ ጭንቅላቷና ገላዋ ከአንድ እንጨት ነው ሚወጣው፣ ስለዚህ አንገቷ አይዞርም፣ ሆዷ ላይ ደሞ የዳሩማ፣ የዛ ጢማሙ የቡድሂስት መነኩሴ፣ ፊት ተስሎ ታገኛላችሁ፣ ወገቧ ቀጠን ብሎ ወደታች ሰፋ ይላል። እኔ በጣም ምወዳት ግን የኢዋቴዋን ኪናኪናን ነው። ምንም ቀለም የላትም፣ ፊት እንኳን የላትም፣ ባዶ እንጨት፣ ጭንቅላቷ ላላ ብሎ ነካ ስታደርጉት ይወዛወዛል። ድሮ ህፃን አፉ ውስጥ ከቶ ሚጠባት ነገር ነበረች፣ ቀለም ያልተቀባችውም ለዛ ነው። ፊት የላትም ግን ምታየኝ ይመስለኛል፣ እንዴት እንደሆነ ማስረዳት አልችልም።

ከሁለተኛው የአለም ጦርነት በኋላ የመጡ ክሪኤቲቭ ኮኬሺ ሚባሉም አሉ፣ አብዛኞቹ ጉንማ ክፍለ ሀገር ሚሰሩ፣ አርቲስቱ እንደፈለገ ሚቀርፃቸው። ቆንጆ ናቸው፣ እኔ ግን አልሰበስባቸውም። እኔን ሚይዘኝ አባት ለልጅ፣ መምህር ለደቀ መዝሙር ሚያወርሰው ያ ጠባብ መንገድ ነው፣ አበባው አንድ፣ ቀለሙ አንድ፣ ቅርፁ አንድ ሆኖ እዛ ውስጥ የአንዱ እጅ ከሌላው መለየቱ። የቤተ ክርስቲያን ስዕል ያየ ሰው ይሄ አይጠፋውም፣ የማርያምን ስዕል ሁሉም በአንድ ወግ ነው ሚስለው ግን የሰአሊው እጅ አይኗ ላይ ያስታውቃል።

ስለ ማርያም ካነሳሁ አይቀር፣ እናቴ በቪዲዮ ስደውልላት መደርደሪያውን አይታ ዝም ብላ ቆየችና "ልጄ፣ ጣኦት ነው እንዴ?" አለችኝ። ከልቧ ነው ፈርታ። "አይደለም እማዬ፣ ልጆች ሚያዝሏት አሻንጉሊት ናት" አልኳት፣ አላመነችኝም። ከዛ ስልኬ ላይ የነበረውን የኦያሳንን ኮኬሺ ፎቶ፣ ያቺን አፍንጫዋ የጠፋውን፣ ላኩላት። በነጋታው ደወለችና "እቺ እንኳን ተወዳ የኖረች ናት" አለችኝ። ከዛ ወዲህ አዲስ ስገዛ አሳየኝ ትላለች።

ሌላ ደሞ አንድ ነገር አለ እዚህ ሁሌ ሚያጋጥመኝ። ኮኬሺ እንደምሰበስብ ሲያውቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ትርጉሙን ታውቃለህ ግን?" ሚሉኝ ሰዎች አሉ። "ኮ" ልጅ፣ "ኬሺ" ማጥፋት ማለት ነው፣ በረሀብ ዘመን ወላጆች ላላሳደጓቸው ህፃናት መታሰቢያ ነው ይላሉ። ወሬው ልብ ይነካል፣ ለዛም ነው ሚዛመተው። ግን ይሄ ታሪክ የተስፋፋው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው (አመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው ምጠራው)፣ ጉዳዩን ያጠኑ ሰዎችም ማስረጃ አላገኙለትም። ደሞ ስሙን ብቻ እዩት፣ በየመንደሩ ዴኮ፣ ኪዴኮ፣ ኪቦኮ እየተባለች በተለያየ ስም ነበር ምትጠራው፣ ኮኬሺ ሚለው አንዱ ብቻ ነበር፣ ሰብሳቢዎች ናሩኮ ላይ ተሰብስበው ኮኬሺ ሚለውን የሁሉም መጠሪያ ያደረጉት በ1940 ነው። ኪዴኮ ብትሏት የእንጨት አሻንጉሊት ከማለት አያልፍም፣ ምኑ ላይ ነው ማጥፋቱ? ይሄን ጉዳይ ሲያነሱብኝ ዝም ብዬ አላልፍም፣ የኦያሳን አባት ወገባቸውን ታክመው ሲመለሱ ለልጃቸው የያዙላት ነገር የሀዘን እቃ አልነበረም።

ከልጅ እጅ ወደኛ አይነት ትልልቅ ሰዎች መደርደሪያ እንዴት እንደመጣች ደሞ ሌላ ታሪክ ነው። የቆርቆሮና የሴሉሎይድ መጫወቻ ሲመጣ ልጆቹ ተዉአት፣ ብዙ ባለሙያም ሳህን ወደመስራት ተመለሰ። ያተረፏት ሰብሳቢዎች ናቸው። በ1928 አማኤ ቶሚያ ሚባሉ የሴንዳይ ሰው ስለ ኮኬሺ ብቻ ሚያወራ የመጀመሪያውን መፅሀፍ አሳተሙ፣ ከዛ ከቶኪዮ ሳይቀር እየተነሱ ተራራ ለተራራ እየዞሩ የባለሙያዎቹን ስም እየጠየቁ መመዝገብ ተጀመረ። ድሮ ከስሯ ምንም አይጻፍም ነበር፣ ለልጅ መጫወቻ ማን ይፈርማል። ሰብሳቢዎቹ "ማን ሰራት?" ብለው ስለጠየቁ ነው ፊርማ የመጣው። የሚያጊ ኮኬሺ በ1981 በመንግስት ባህላዊ እደ ጥበብ ተብሎ ተመዝግቧል፣ ሺሮኢሺ ከተማ ላይም ከ1959 ጀምሮ ውድድር አላት። እኔ ግን ሁሌ ማስበው እነዛን በበረዶ በእግራቸው መንደር ለመንደር ዞረው "ስምዎት ማን ነው?" ያሉትን ሰዎች ነው።

መጀመር ለምትፈልጉ ከልምዴ ልንገራችሁ። ብዙ ብር አያስፈልግም። ከጦርነቱ በፊት የተሰሩ የታወቁ ባለሙያዎች ስራ መቶ ሺዎች የን ሊጠየቅባት ይችላል፣ ግን የመጀመሪያዎቹን አስሩን እኔ ከአሮጌ እቃ መሸጫ ነው በ500 በ1000 የን ያገኘኋቸው፣ ባለቤቶቻቸው ሞተው ልጆቻቸው በካርቶን ያመጧቸው። አሜሪካ ያላችሁ ደሞ ከጦርነቱ በኋላ እዚህ የነበሩ ወታደሮች ይዘዋቸው ስለገቡ ስሪፍት ስቶር፣ ያገለገለ እቃ ሚሸጥበት ሱቅ፣ ውስጥ አይናችሁን ክፈቱ። ስታገኙ መጀመሪያ ከስሯ እዩ፣ ስም ካለ ፎቶ አንስታችሁ አስነብቡት። ቀጥሎ ቀለሟን፣ በተለይ ሀምራዊና ቢጫ ቶሎ ይጠፋል፣ ፀሀይ ሚገባበት መስኮት ጋ ያስቀመጠ ሰው በጥቂት አመት ውስጥ ባዶ እንጨት ነው ሚቀረው። በውሃ እንዳታጥቧት፣ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ፣ እኔ ይሄን ባለማወቅ የአንዷን አበባ በእርጥብ ጨርቅ አጥፍቼዋለሁ፣ እስካሁን ባየኋት ቁጥር ያሳዝነኛል። ከዛ ውጪ ሰው ምን አለ፣ ዋጋዋ ስንት ነው ምናምን አትበሉ፣ ፊቷን ብቻ ለረጅም ጊዜ እዩ፣ ካርቶን ውስጥ ከሃያው መሃል አንዷ ታስቆማችኋለች፣ እሷን ውሰዱ።

ኦያሳን ባለፈው አመት ዮኮሃማ ልጃቸው ጋ ገቡ። ቤቱ ሲለቀቅ ከሶስቱ ሁለቱን ለኔ ሰጥተውኝ መሃለኛዋን በጉያቸው ይዘው ሄዱ።

ናሩኮ ያሉት ሰውዬ ጋ በየአመቱ እሄድ ነበር። እሳቸው ከስሯ ስማቸውን ብቻ አይደለም ሚጽፉት፣ እድሜያቸውንም ይጨምራሉ፣ ሽማግሌ ባለሙያዎች ሚያደርጉት ነገር ነው። የመጀመሪያዋ ላይ "74" ይላል፣ ያቺ በርጩማ ላይ ሆኜ ትንፋሼን ይዤ ያየኋት። መስመሩ ቀጭን፣ አይኖቹ በራስ መተማመን የተሞሉ፣ ትንሽ ኮስተር ያለች ልጅ ናት። የመጨረሻዋ ላይ "79" ይላል። መስመሩ ወፍሯል፣ መሃል ላይ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ግራ አይኗ ከቀኙ ዝቅ ብሎ ነው የተሳለው፣ አፏም ሰፋ ብሏል፣ ለብዙ ጊዜ እያየኋት ቆየሁና ፈገግ ያለች መስሎ ታየኝ። ያለፈው መኸር ስሄድ የሱቁ መዝጊያ ወርዷል። ጎረቤት ያሉት ሴትዮ አይናቸው እምቢ ስላላቸው መሳል እንዳቆሙ፣ ስራውን ሚይዝ ልጅም እንደሌላቸው ነገሩኝ። ቆሜ ትንሽ ቆየሁ፣ ከውስጥ የቶርኖ ድምፅ ባይሰማም የእንጨቱ ሽታ ግን በመዝጊያው ስር ይመጣ ነበር።

79ኟን ከ74ኟ አጠገብ ነው ያስቀመጥኳት፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ፀሀይ በማይደርስበት በኩል።